ቀይ ቀበሮን ሕግ ያድነዋል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ስለ ዱር እንስሳት ሕግ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጠየቃችሁ። መልሴ ይኸው።

ከሆጤ፦ ጋሼ፣ ሕጉን ማን ይፈራዋል?
ወረቀቱ ላይ ያስፈራል። በዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ጥፋተኛ ከ5,000 እስከ 30,000 ብር ይቀጣል፤ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል፤ ሁለቱም ሊደርሱበት ይችላሉ። ብሩ ግን ዛሬ በሬ እንኳ አይገዛም! እስራቱ ነው የሚከብደው፣ እሱም ከተፈረደ።

ከቧንቧ ውሃ፦ ቀይ ቀበሮ እኛ አካባቢ አለ?
አለ እንጂ። ቦረና ሳይንት፣ ደንቆሮ ጫካ። በዓለም ያሉት አዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ። ጎጃም፣ ጮቄ ተራራ ላይ ግን አልቋል።

ከሰኞ ገበያ፦ ታዲያ ማን ጨረሰው? አዳኝ ነው?
በዋናነት አይደለም። ማረሻና ውሻ ናቸው። እርሻው ተራራውን እየወጣ መኖሪያውን ይወስድበታል። የገበሬው ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣበታል። በሽታው ባሌ በ1984 ዓ.ም. ገብቶ ብዙ ቀይ ቀበሮ ጨረሰ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ገደለ። አዋጁን ለውሻ አታነብለት! ስለዚህ እኔ ብጠየቅ፣ ከአዲስ ቅጣት በፊት ገንዘቡን ለውሻ ክትባት አውላለሁ። ሕጉ ጥይቱን ያስቆማል፤ በሽታው ግን ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

ከኮምቦልቻ፦ የነብር ቆዳ በቅናሽ አገኘሁ፣ ልግዛ?
ተው ወንድሜ። ኢትዮጵያ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ በአደጋ ላይ ያሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይቲስ ስምምነት አባል ናት። መጋቢት 2007 ዓ.ም. የተያዘ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ ተቃጥሏል። ያንተ ቆዳም መንገድ ላይ ከተያዘ ቅናሹ አይጠቅምህም።

ከፒያሳ፦ ፈረንጆቹስ ተሳክቶላቸዋል?
አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1973 ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትን የሚጠብቅ ሕግ አወጡ። ከአላስካ ውጭ ባለው አገራቸው በ1963 የቀሩት ራሰ በራ ንስር 417 ጥንድ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ንስሩ ከአደጋ ዝርዝር ወጣ። ግን ንስሩን ይጎዳ የነበረውን ዲዲቲ የተባለ ፀረ ተባይ በ1972 ባያግዱ ሕጉ ብቻውን ምን ያደርግ ነበር?

ከሮቢት፦ ወደፊትስ ምን ይሻላል?
ሰሜን ሸዋ ያለውን የመንዝ ጓሳ ሣር ምድር እዩ። አባቶች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን ዘግተው፣ በተራ እያጨዱ ጠበቁት። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ መለሰው። ቀይ ቀበሮም ጭላዳም እስከ ዛሬ እዚያ አሉ። ፖሊስ ተራራው ጫፍ አያድርም፤ እረኛው ያድራል። ስለዚህ ደንቆሮ ዙሪያ ያለው ገበሬ ከሣሩ ድርሻ ይኑረው፣ ደንቡንም ራሱ ያውጣ።

ቀይ ቀበሮው በጎቻችንንስ አይጨርስብንም?
ምግቡ በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። ግልገል ከጠፋ መጀመሪያ ተራውን ቀበሮ ጠርጥሩ።