አማርኛው ከፕሌይ ስቶር ሲወርድ ለምን ይጠፋል? ለተጠየቀው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጠያቂያችን የአንድሮይድ መተግበሪያቸው የቋንቋ መቀየሪያ በሙከራ ጊዜ በትክክል እየሠራ፣ ከፕሌይ ስቶር ሲወርድ ግን አማርኛው የማይታየው ለምን እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም እዚህ ጎንደር የፋሲል ግቢን ለሚጎበኙ እንግዶች የሚሆን መተግበሪያ ስሠራ ይኸው ችግር ሁለት ሳምንት ያህል አንከራትቶኛል። በኬብል ከኮምፒውተሬ ጋር በተያያዘው ስልክ ሁሉም ነገር ደህና ነበር፤ ፒያሳ ያገኘሁት አስጎብኚ ጓደኛዬ ከስቶር አውርዶ «አማርኛ» የሚለውን ሲነካ ግን ጽሑፉ ከእንግሊዝኛው ንቅንቅ አላለም።

ኮዱን ደጋግሜ ብፈትሽም ጥፋቱ እዚያ አልነበረም። መተግበሪያው በአፕ በንድል መልክ (ፕሌይ ስቶር ለየስልኩ የሚስማማውን ክፍል ለይቶ እንዲልክ በሚያስችለው ጥቅል) ሲቀርብ ፕሌይ ስቶር ለእያንዳንዱ ስልክ የሚልከው በስልኩ ቅንብር ውስጥ የተመረጡትን ቋንቋዎች ጽሑፍ ብቻ ነው። የጓደኛዬ ስልክ ደግሞ፣ እንደ ብዙዎቻችን ስልክ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የተሞላ ስለነበር የአማርኛው ፋይል ጭራሹኑ አልወረደለትም። መፍትሔው በግሬድል ፋይሉ (መተግበሪያው እንዴት እንደሚገነባ በሚወስነው ፋይል) የበንድል ክፍል ውስጥ፣ ቋንቋን በሚመለከተው ሥር፣ «ኢነብል ስፕሊት» (enableSplit) የሚለውን «ፎልስ» (false) ማድረግ ነው፤ ያኔ ቋንቋዎቹ ሳይነጣጠሉ ሁሉም አብረው ይወርዳሉ። የሚወርደው መጠን በጥቂቱ ይጨምራል፤ የተጨመረው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ግን የሚያሳስብ አይደለም። በፍላተር (በሌላ የመተግበሪያ መሥሪያ መሣሪያ) የሚሠሩ ሰዎች ትርጉማቸው ከኮዱ ጋር አብሮ ስለሚጠቃለል ይህ ችግር አይገጥማቸውም።

ለመቀየሪያው ራሱ አፕኮምፓት ከተባለው የአንድሮይድ የኮድ ስብስብ፣ ከ1.6 እትም ጀምሮ ያለውን «ሴት አፕሊኬሽን ሎካልስ» (setApplicationLocales) የተባለ ትእዛዝ ቢጠቀሙ ይሻላል፤ ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ከስልኩ የቋንቋ ቅንብር ጋርም ይግባባል።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚወስድብዎ ትርጉሙ ነው። እኔ በመጀመሪያ «ጉብኝትዎ የሚጀምረው በ» የሚለውን ተርጉሜ ሰዓቱን በኮድ ከኋላው እቀጥል ነበር፤ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚፈልግ ዐረፍተ ነገሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሙሉውን ዐረፍተ ነገር በአንድ መስመር ጽፎ ለሰዓቱ መሐል ላይ ቦታ መተው ያስፈልጋል። ሰዓቱም ቢሆን እንዳለ አይወሰድም፦ እንግሊዝኛው ከቀትር በኋላ 3 ያለውን የእኔ መተግበሪያ በአማርኛም «በ3 ሰዓት» ብሎ ስላሳየ፣ ከደብረ ታቦር የመጡ ቤተሰቦች ማለዳ ደርሰው አስጎብኚያቸውን እስከ 9 ሰዓት በር ላይ ጠብቀዋል። አሁን አማርኛ ሲመረጥ 6 ሰዓት የሚቀንስ አንድ ትንሽ ፈንክሽን (የኮድ ክፍል) አለኝ፤ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» የሚለውንም አብሮ ይጽፋል።