ሞተሩ የሚነሳባቸው ጥቂት ሰከንዶች

ከቃሊቲ የጻፍሽልኝ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቀሽ አንድ የመጠጥ ፋብሪካ በሙከራ ቀጥሮሻል። የመደቡሽ ቺለር (ትልቁ የማቀዝቀዣ ማሽን) ክፍል ነው። የኮምፕረሰሩ ሞተር 132 ኪሎዋት ነው፤ የሚያስነሳው ደግሞ ሶፍት ስታርተር፣ ሞተርን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ መሣሪያ። «እኔ የተማርኩት ስታር ዴልታ ነው። አብረውኝ የሚሠሩት ጋሼ ፓኔሉን አትንኪው ይሉኛል። ትቼው ሶላር ልማር ወይስ ልቆይ?» ብለሻል።

ቆዪ። የሙከራ ጊዜ በሕጉ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። እስከዚያ ይህን ማሽን በደንብ ካወቅሽው፣ ባያስቀሩሽ እንኳን ሌላ ፋብሪካ ሄደሽ የምትናገሪው ይኖርሻል።

ስታር ዴልታ መማርሽም ከንቱ አልቀረም። ጥያቄው አንድ ነው፦ ትልቅ ሞተር ሲነሳ መስመሩን እንዳያናጋ ምን ይደረግ? ያ ሞተር በ400 ቮልት ሙሉ ጭነት ላይ ሲሠራ የሚስበው 240 አምፔር አካባቢ ነው። በቀጥታ ቢነሳ ግን 6 ወይም 7 እጥፉን ይጎትታል። ከ1,400 አምፔር በላይ ማለት ነው። መብራት ይደበዝዛል፣ ሌሎች ኮንታክተሮች (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያዎች) ሊለቁ ይችላሉ፣ ኮምፕረሰሩም ድንገተኛ ምት ያርፍበታል። ስታር ዴልታ የሞተሩን ሽቦዎች አያያዝ እየቀየረ ይህን ወደ ሲሶ ያወርደዋል። ግን ከስታር ወደ ዴልታ ሲቀየር እንደገና ያንገጫግጨዋል።

የሶፍት ስታርተር መንገዱ ሌላ ነው። በየፌዙ ሁለት ታይሪስተሮች ጀርባ ለጀርባ ተገጥመዋል። ታይሪስተሩን እንደ በር አስቢው። መጀመሪያ በየሞገዱ ዘግይቶ ይከፈታል፤ ትንሽ ቮልቴጅ ብቻ ያልፋል። ከዚያ ቀደም ቀደም እያለ ይከፈታል፤ ቮልቴጁም አብሮ ያድጋል። አምፔሩም ብዙውን ጊዜ ከ3 ወይም ከ4 እጥፍ እንዳያልፍ ገደብ ይደረግለታል። ሞተሩ ፍጥነቱን ሲጨርስ ኃይሉን በታይሪስተሮቹ ጎን የሚያሳልፈው ባይፓስ ኮንታክተር ይገባል፣ ታይሪስተሮቹ ያርፋሉ። መጨረሻ ላይ «ጧ» ሲል የምትሰሚው እሱ ነው። ፍሪኩዌንሲ ግን አይቀይርም። ስለዚህ ከተነሳ በኋላ የሞተሩን ፍጥነት አይቆጣጠርም። ይህንን ፍሪኩዌንሲ እየቀየረ ፍጥነት ከሚቆጣጠረው ኢንቨርተር ጋር የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ቢጠይቁሽ አትደናገሪ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ቮልቴጁ በግማሽ ሲቀንስ የማዞር ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ኮምፕረሰሩ ጭነቱን ጥሎ መነሳት አለበት። ስክሩ ኮምፕረሰር (በጠመዝማዛ ዘንግ ጋዝ የሚያምቀው) ከሆነ ጭነቱን የሚወስነው ስላይድ ቫልቭ ወደ ዝቅተኛው ጭነት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ሞተሩ ያቃስታል እንጂ አይፈጥንም፤ ስታርተሩም ትሪፕ ያደርጋል፣ ማለትም ራሱን ለመከላከል ያቋርጣል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ወጣት ሆኜ የሠራሁበት ፋብሪካ ውስጥ ቺለሩ ሲነሳ ትሪፕ እያደረገ አስቸገረን። እኔ የአምፔር ገደቡን ከፍ አደረግኩት። ተነሳ። ሁሉም አመሰገነኝ። በሦስተኛው ቀን ታይሪስተሮቹ ተቃጠሉ። ኋላ ስናየው የተበላሸው ስታርተሩ አልነበረም። ስላይድ ቫልቩን የሚመልሰው የሶሌኖይድ ኮይል (በኤሌክትሪክ ቫልቭ የሚያንቀሳቅስ ጥቅል ሽቦ) ተቃጥሎ ኖሮ ኮምፕረሰሩ ከነጭነቱ ነበር የሚነሳው። ቺለሩ ቆሞ የዋለባቸው ቀናት ዛሬም ይቆጩኛል። ስታርተሩ የነገረኝን ትቼ አፉን ዘጋሁት።

አንድ የእኛ አገር ነገርም አለ። ብዙ ሶፍት ስታርተሮች ሙሉ አቅማቸው የሚነገረው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። ቃሊቲ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ በደንብ አያቀዘቅዝም፤ ስለዚህ አቅሙ ተቀንሶ መታሰብ አለበት። ማኑዋሉ ውስጥ ሠንጠረዥ ታገኛለሽ። የእናንተው ሲመረጥ ይህ ታስቦበት እንደሆነ ፈልጊ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደጋግሞ ማስነሳትም ያው ነው፤ ሙቀቱ ሳይወጣለት ሌላ ይደረብበታል። በሰዓት ስንት ጊዜ መነሳት እንደሚችል ማኑዋሉ ላይ አለ።

ጋሼ «አትንኪው» ማለታቸው ልክ ነው፣ አትቀየሚያቸው። ታይሪስተር ተዘግቶም ጥቂት ቮልቴጅ ያሾልካል። ሞተሩ ቆሟል ማለት ሽቦው ኃይል የለውም ማለት አይደለም። ዋናው ማብሪያ ጠፍቶ፣ ተቆልፎ፣ በሜትር ሳይለካ እጅሽን አታስገቢ።

ሰኞ ስትገቢ ግን «ጋሼ፣ ልንካው ሳይሆን ልመዝግብ ፈልጌ ነው» በያቸው። እምቢ የሚሉሽ አይመስለኝም። በተነሳ ቁጥር ከስታርተሩ ስክሪን ላይ ከፍተኛውን አምፔር፣ የፈጀውን ሰከንድ፣ ቮልቴጁ ስንት ድረስ እንደወረደ ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ፓራሜትሮቹንም (ስታርተሩ የተስተካከለባቸውን ቁጥሮች) አሁን እንዳሉ ገልብጪያቸው። ሲቪሽ ላይ «ሶፍት ስታርተር አውቃለሁ» ከማለት ይልቅ ምን እንደለካሽና ምን እንዳገኘሽ ጻፊ።

ሶላሩን ቅዳሜ ከሰዓት ተማሪው፤ አይጣላም። የሁለት ሳምንቱን ቁጥሮች ላኪልኝና አብረን እናያቸዋለን።