«ያልገባኝ እኔ ብቻ ነኝ» ለምትሉ አዲስ የግቢ ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ወር አንድ እሁድ ማታ የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ግቢ ከገባች ገና ሁለት ወር አልሞላትም። ሰላምታ ስንለዋወጥ ድምጿ ደህና ነበር። «ትምህርትስ?» ስላት ግን ዝም አለች። ቆየት ብላ «ጋሼ፣ ክላስ ውስጥ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ» አለችኝ። ከዚያ ለቅሶው መጣ።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ከትምህርት ቤቷ አንደኛ ወጥታ ነው የሄደችው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ማለፍ ምን ያህል እንደከበደ ታውቃላችሁ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ወንፊት አልፎ የመጣ ልጅ «ከባዱን ጨርሻለሁ» ቢል አይፈረድበትም። እዚያ ክፍል የተቀመጡት ሁሉ ግን ያንኑ ወንፊት አልፈው የመጡ ናቸው። ትናንት በየትምህርት ቤቱ አንደኛ የነበረው ሁሉ ዛሬ ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንደኛ መውጣት የለመደ ልጅ ደግሞ «አልገባኝም» ማለት አልለመደም። የእህቴን ልጅ ያስለቀሳት ይሄ ነው።

እኔም አውቀዋለሁ። 1986 ዓ.ም. ፍሬሽማን ነበርኩ። ያኔም እንደዛሬው የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ነበር። በኋላ መሰናዶ (የ11ኛና 12ኛ ክፍል) ሲመጣ ቀረ፣ በ2012 ደግሞ ተመለሰ። ከቤተሰቤ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ የሚርቅ ግቢ ነበር የደረሰኝ። እናቴ በሶና ድቆስ በቆርቆሮ አድርጋ ሰጥታኛለች። የመጀመሪያው የካልኩለስ ቴስት ውጤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአይዲ ቁጥር ተለጠፈ። ሰው እስኪሄድ ጠብቄ ሄድኩ። በጣቴ ቁጥሬን ተከትዬ ወደ ቀኝ ስሄድ 7 ከ30 ይላል። ሌላ ሰው መስመር ላይ ያለሁ መስሎኝ ሁለቴ መለስ ብዬ አየሁት። ቁጥሩ የራሴ ነው።

ማታ ዶርም ልጆቹ «ስንት አመጣህ?» ሲሉኝ «ደህና ነው» አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደህና ነው እያልኩ ከረምኩ። ክፍል እገባለሁ፣ ሰሌዳውን እገለብጣለሁ፣ እወጣለሁ። ደብተሬ የሚያምር ነበር። ግን አንድም ነገር አልገባኝም።

በአራተኛው ሳምንት የአስተማሪው ቢሮ ሄድኩ። በሩ ላይ የማማከሪያ ሰዓቱ በእስክሪብቶ ተጽፎ ተለጥፏል። ሦስቴ ካለፍኩ በኋላ ነው ያንኳኳሁት። ወንበር ሳበልኝና አንድ ወረቀት ገፋ አድርጎ «ይህቺን ሥራልኝ» አለኝ። ጀመርኩ። መሃል ላይ አስቆመኝ። «አየህ፣ የቸገረህ ካልኩለሱ አይደለም። ፊደል ያለባቸውን ክፍልፋዮች ማቃለል ነው። የ9ኛ ክፍል ትምህርት ነው፣ አንድ ቦታ ዘለኸዋል» አለኝ። አልሳቀብኝም፣ አልተቆጣኝም። ሦስት ከሰዓት በኋላ ሰጠኝ። በመጨረሻ ያመጣሁት ሲ ነው። ያቺን ሲ እስከዛሬ እወዳታለሁ። ከዚያ ወዲህ ወደ 27 ዓመት መንገድና ድልድይ ሠርቻለሁ፣ ያቺ የክፍልፋይ ነገር በየቀኑ ታስፈልገኛለች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ትምህርትም እንደዚያው ነው። ከግቢ የሚባረሩት ደደቦች ይመስሏችኋል። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ዝም ያሉት ናቸው። ሚድ ሲበላሽ ዝም፣ ፋይናል ሲደርስ ዝም፣ ከዚያ ዋርኒንግ (የውጤት ማስጠንቀቂያ)፣ ከዚያ ሻንጣ። ቤተሰብ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው።

እንግሊዝኛውም ብዙዎቻችሁን ዝም ያሰኛል። ሌክቸሩ በእንግሊዝኛ ነው፣ እጅ አውጥቶ በተሰባበረ እንግሊዝኛ መጠየቅ ያሳፍራል። ይገባኛል። ቢሮ ስትሄዱ ግን መምህሩ በሚችለው ቋንቋ ጠይቁት። መምህር የሚፈልገው የት ጋ እንደጠፋችሁ ማወቅ ነው። ባዶ እጃችሁን ግን አትሂዱ። «ምንም አልገባኝም» አትበሉት። ጥያቄውን ሞክሩትና የቆማችሁበትን መስመር አሳዩት።

አሁን ደግሞ ስለ ጊዜ። ሁለተኛው የሚያታልል ነገር እሱ ነው። ፕሮግራማችሁን ስታዩ ክፍተት በክፍተት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ክላስ፣ ከሰዓት ምንም። «ግቢ ላይፍ አሪፍ ነው» ያሰኛል። እስኪ ኮርስ አውትላይናችሁን አውጡና ኢሲቲኤስ (የኮርሱ የሥራ ጫና መለኪያ) የሚለውን መስመር ፈልጉ። ብዙዎቹ የፍሬሽማን ኮርሶች 5 ይላሉ። አንድ ኢሲቲኤስ 27 የሥራ ሰዓት ነው፣ አምስቱ 135 ይሆናሉ። ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጣችሁ በሳምንት 3 ሰዓት ነው፣ በ16 ሳምንት 48። የቀረው 87 ሰዓት ለእናንተ የተተወ ነው። ስድስት ኮርስ ከያዛችሁ በሳምንት ከ32 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ያ ክፍተት የእረፍት ሰዓት አይደለም፣ አስተማሪ የሌለበት ክላስ ነው። እኔ ብሆን ከክላስ እንደወጣሁ ዶርም አልመለስም። አልጋ ካየ ሰው አይነሳም። በቀጥታ ላይብረሪ ገብቼ የዚያኑ ቀን ትምህርት አንድ ሰዓት አየው ነበር።

ሲኒየሮች «ፍሬሽ ላይ ተዝናኑ፣ በኋላ ታካክሳላችሁ» ይሏችኋል። ክፉ አስበው አይደለም። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በመጀመሪያው ሰሚስተር አማካይ ውጤታችሁ ከ4.00 2.20 ሆነ እንበል። ዓመቱን በ3.00 ለመዝጋት፣ ክሬዲቱ እኩል ከሆነ፣ በሁለተኛው 3.80 ያስፈልጋችኋል። ሁሉንም ኤ ለማለት ምንም አልቀረውም። ዲፓርትመንት ስትመርጡ ደግሞ የዚህ ዓመት ውጤት ይታያል። ፈላጊው በበዛበት ዲፓርትመንት በነጥብ ጥቂት ክፍልፋይ ወደ ሌላ የተላኩ ልጆች አውቃለሁ።

ያለፈው ዓመት ሺት (የድሮ ፈተና ወረቀት) ይበቃል የሚባለውንም አትመኑ። ሺት ጥያቄው እንዴት እንደሚመጣ ያሳያችኋል፣ ያንን ተጠቀሙበት። ግን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፣ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ያ ፈተና ከዓመታት በፊት የወሰዳችሁትን ኮርስ ይጠይቃችኋል። ለፋይናል ዋዜማ የተቸከለ ነገር እስከዚያ አይቆይም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማይነግራችሁ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነጻ አይደለም። በየዓመቱ የወጪ መጋራት ፎርም ትፈርማላችሁ። ምግቡና ማደሪያው፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉ፣ ስትመረቁ የምትከፍሉት ዕዳ ነው። አይክበዳችሁ፣ ግን ቁጥሩን አይታችሁ ፈርሙ፣ ኮፒውንም አስቀምጡ። ተሰልፎ መፈረም ስለሚያሰለች ብዙ ልጅ ሳያነብ ፈርሞ ይሄዳል።

ስለ ዶርም ትንሽ ልበል። አንዱ ከጎንደር፣ አንዱ ከነቀምቴ፣ አንዱ ከሶዶ የመጡ ልጆች አንድ ክፍል ትገባላችሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም የቋንቋውን ሰው ይፈልጋል። ያ ያለ ነው። ግን በዚያ አትቅሩ። በየልጁ ቋንቋ ሰላምታ ተማሩ። «አካም» ወይም «ከመይ» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ የታመምኩ ጊዜ ክሊኒክ ደግፎ የወሰደኝ፣ ሻይና ዳቦ ያመጣልኝ፣ አማርኛው ገና ያልጠራ የላይኛው አልጋ ልጅ ነው። እስከዛሬ እንደዋወላለን። አንድ ቀን ዶርም ውስጥ መብላት ያቆመ፣ ክላስ የቀረ፣ ቀኑን ሙሉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚተኛ ልጅ ካያችሁ ደግሞ አትለፉት። አናግሩት። ግቢው ውስጥ የምክር አገልግሎት ቢሮ ካለ አብራችሁት ሂዱ።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። ያን ማታ አልቅሳ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት። «የመምህርሽ ቢሮ የት ነው?» አታውቀውም። «ነገ ፈልጊው። የማማከሪያ ሰዓቱን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ» አልኳት። በማግስቱ ፎቶው ደረሰኝ። ረቡዕ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይላል።

ረቡዕ ማታ ደወለች። «ጋሼ፣ ሄድኩ» አለች። «እሺ፣ ምን አለሽ?» አልኳት።

«ቶሎ አልገባሁም። ከእኛው ሴክሽን አራት ልጆች ቀድመውኝ በሩ ላይ ቆመው ነበር። አንዷ ሁልጊዜ ፊት ለፊት የምትቀመጠው ናት። ደብተራቸውን ሳየው ሁሉም ያቺኑ ጥያቄ ይዘዋል።»