«ላስሩጣት ወይስ ትቀመጥ?» ላለችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅሽ 9 ዓመቷ ነው፣ ዳውን ሲንድሮም (አብሮ የሚወለድ፣ የአእምሮና የአካል እድገትን የሚያዘገይ የዘረ መል ለውጥ) አለባት፣ ክረምት በገባ ቁጥር ደረቷን ይይዛታል፣ አምና ሳንባ ምች ብሏት ሆስፒታል ተኝታለች። ትምህርት ቤቱ ስፖርት እናሠራት ሲል አያቷ ደግሞ «የታመመ ሳንባ አይሮጥም፣ ልጅቷን አታድክሙብኝ» ብለዋል። እኔ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ልዩ ፍላጎት ክፍል ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ለዓመታት አሠርቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ሜዳ ላይ ያየሁትንና ከልጆቹ ሐኪሞች የሰማሁትን ነው የምነግርሽ። ረዘም ስለሚል ታገሺኝ።

መልሴ ትንቀሳቀስ ነው። ግን ልቧ ሳይታይ አይሆንም።

ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ። ብዙውን ጊዜ በልብ ክፍሎች መካከል ያለ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ሳይዘጋ ከቆየ በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ እንዲህ ያለ ልጅ ሲሮጥ አቅም ቢያጣ ስፖርት ስላነሰው አይደለም። ኢኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ ተነሥታ እንደሆነ አልጻፍሽም። ካልተነሣች ከሁሉም በፊት እሱን ጨርሺ፤ ተነሥታም ከሆነ ወረቀቱን ይዘሽ የልብ ሐኪሟን «ምን ያህል ትሩጥ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። እዚያው የታይሮይድ ምርመራም እንዲታዘዝላት አድርጊ። ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን በእነዚህ ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ያንሳል፣ ሲያንስ ልጁ ይፈዛል፣ ይደክመዋል፤ እኛ ደግሞ «ሰነፍ ነው» እንላለን። አንገቷም ይታሰብበት። ከላይ ያሉት ሁለቱ የአንገት አጥንቶች በአንዳንዶቹ ልጆች ላይ ልል ስለሚሆኑ በጭንቅላት መገለባበጥና ትራምፖሊን ላይ መዝለል እኔ ክፍል ውስጥ የለም። አንገቴን አመመኝ ካለች፣ አረማመዷ ድንገት ከተለወጠ ወይም ሽንቷን መቆጣጠር ካቃታት ስፖርቱን አቁመሽ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰጃት።

አንድ ሌላ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ውሃ ወይም ሾርባ ስትጠጣ ትን ይላታል? የምትበላው ወደ ሳንባዋ እየሾለከ ከሆነ ሳንባ ምቹ የሚመላለሰው በዚያ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ደግሞ የትኛውም ሩጫ አያድንም። ለሐኪሟ ንገሪው።

አሁን ወደ ሳንባው ልምጣ። በየቦታው «ስፖርት ሳንባ ያሰፋል» ይባላል፤ እኔ ለወላጅ እንዲህ ብዬ ቃል አልገባም። ሳንባ ጡንቻ አይደለም። የሚያስተነፍሱት ከሥሩ ያለው ድያፍራምና በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉ ጡንቻዎች ናቸው። የልጅሽ ክንድና እግር ልል እንደሆነ ሁሉ እነዚህም ልል ናቸው። ስለዚህ ትንፋሿ አጭር ይሆናል፣ የሳንባዋ የታችኛው ክፍል በደንብ አየር አያገኝም፣ ሳሏም አክታውን ጠርጎ ለማውጣት ጉልበት ያጣል። አክታው እዚያው ይከርማል፣ ጉንፋን ሲመጣ ደረቷ ይዘጋል። ልጁ በየቀኑ ሲሄድ፣ ሲሮጥ፣ ሲጨፍር ትንፋሹ ይጠልቃል፣ ሳሉ ጉልበት ያገኛል። ልብና እግርም ስለሚለምዱ ያንኑ ደረጃ ለመውጣት እንደ በፊቱ ማለክለክ የለም። እኔ ሜዳ ላይ በዓይኔ የማየው ለውጥ ይኸኛው ነው።

በቱቦ «ንፊ» ተብላ የምትለካበት ስፓይሮሜትሪ የሚባል ምርመራ ቢታዘዝላትና ውጤቱ ዝቅ ቢል ቶሎ አትደንግጪ። ምርመራው ልጁ ጥልቅ አየር ስቦ፣ አፉን ግጥም አድርጎ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ እስከ መጨረሻው እንዲነፋ ይፈልጋል። ትእዛዙ ያልገባው ልጅ ጤነኛ ሳንባ ይዞም ዝቅተኛ ቁጥር ያመጣል። ሐኪሞች ለእነዚህ ልጆች በ6 ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሄዱ የሚለካውን የእርምጃ ፈተናም ይጠቀማሉ፤ እሱ ቢያንስ መሄድን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች፣ አካል ጉዳት ያለባቸውንም ጨምሮ፣ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ቁጥሩ አያስፈራሽ፤ በአንዴ አይደለም፣ ከዜሮ ለሚነሣ ልጅ ትንሹም ይቆጠራል። እኔ አዲስ ልጅ ሲመጣልኝ በ5 ደቂቃ እርምጃ ነው የምጀምረው።

ዋናው ችግር እነዚህ ልጆች ጉልበታቸውን መቆጠብ አለማወቃቸው ነው። «ሩጥ» ስትዪው ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ይፈተለካል፣ ግማሽ ዙር ሳይሞላ መሬት ላይ ዘጭ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ብትለምኚውም አይነሣ። «10 ደቂቃ ይቀርሃል» ቢባል ደግሞ 10 ደቂቃ ምን እንደሆነ አያውቅም። እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። ከሱቅ የለቀምናቸውን የቢራና የለስላሳ ቆርኪዎች መነሻው ላይ እንደረድራለን፣ ሜዳው ማዶ ባዶ የወተት ጣሳ ይቀመጣል። ልጁ አንድ ቆርኪ ያነሣል፣ ይዞ ይሄዳል፣ ጣሳው ውስጥ ይጥላል፣ ኳ! ይላል፣ ይመለሳል። ቆርኪው ሲያልቅ ስፖርቱ አለቀ፤ ይህን የማይረዳ ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም። ሳምንቱ ሲያልፍ አንድ ቆርኪ እጨምራለሁ፣ ጣሳውንም ትንሽ አርቀዋለሁ። እኔ ራሴ ጎን ለጎን እሄዳለሁ፣ ፍጥነቱን የምይዘው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ድምፁን የወደደ ልጅ ቆርኪውን ከጣሳው መልሶ እያወጣ አስቸግሮኝ ነበር፤ ተውኩት፣ ተጨማሪ ዙር ነዋ!

ቤት ውስጥ ከሆነ ሙዚቃ ክፈቺና አስጨፍሪያት። እስክስታ ደረትና ትከሻን ስለሚያንቀሳቅስ ለእኔ ከብዙ ጂምናስቲክ ይበልጥብኛል። ሰኞ ማክሰኞና አባሮሽም ጥሩ ናቸው፣ የአጎት የአክስት ልጆች ካሉ ደግሞ አንቺ ዕረፍት ታገኛለሽ። የሳሙና አረፋ መንፋት፣ ጠረጴዛ ላይ ጥጥ በስትሮው እየነፉ ማሯሯጥ ትንፋሽን ያለማምዳል፤ ብቻ ሩጫውን አይተካም። ፊኛ ግን አትስጫት፤ ሲፈነዳ ቁራጩ ጉሮሮዋ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ልኩን በምን ታውቂዋለሽ? «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚለውን፣ ልብ በደቂቃ ቢበዛ ስንት ጊዜ እንደሚመታ የሚገምተውን ቀመር ተዪው። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች ልባቸው በጣም ሲደክሙ እንኳ የሌላውን ልጅ ያህል አይመታም፤ በዚያ ቀመር ከነዳሻት ከአቅሟ በላይ ትነጃታለሽ። እየሄደች አናግሪያት። ቃል መመለስ ከቻለች ግን መዝፈን ካቃታት ልክ ነው። የማትናገር ልጅ ከሆነች ፊቷን እዪ። አፍንጫዋ እየተነፋፋ ከሆነ፣ ስትተነፍስ በጎድኖቿ መካከል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ አቁሚ። ከንፈሯ ወይም ምላሷ ከጠቆረ፣ ወይም ራሷን ከሳተች በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ሮጣ ስታበቃ አክታ ያለው ሳል ብትስል ግን አትደንግጪ፣ ተጠራቅሞ የነበረው እየወጣ ሊሆን ይችላል። ካቆመች ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ደረቅ ሳል ከያዛትና ደረቷ ሲር ሲር ካለ አስም ይጠረጠራል። ሐኪም የሚነፋውን መድኃኒት ካዘዘላት ከስፖርቱ 15 ደቂቃ ያህል ቀድማ እንድትወስደው ይነግርሽ ይሆናል።

ሰዓቱንና ቦታውን ምረጪ። ከኅዳር እስከ ጥር ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ያለው ደረቅ ቅዝቃዜ ለእንዲህ ዓይነት ደረት አይሆንም፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ይሻላል። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የምንተነፍሰው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ለሽርሽር ያምራል፣ ለጀማሪ ሩጫ ግን አትውሰጃት። የመኪና ጭስ ያለበት አስፋልት ዳርም አይሆንም። «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገድ በሚዘጋበት እሑድ ግን ይዘሻት ውጪ፣ ልጆቹ ሰው ሲበዛ ደስ ይላቸዋል። ቤት ውስጥ ከሰል የምታቀጣጥሉ ከሆነ ምድጃው ውጭ ይሁን። ቡና ሲፈላ ዕጣኑም ይቀነስ። አያቷ በዚህ ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ፤ ለልጅቷ ደረት ግን ከሩጫው ይልቅ ጭሱ ነው የሚያሰጋው።

እሳቸውን ለማሳመን ክሪስ ኒኪች የሚባለውን አሜሪካዊ ወጣት በስልክሽ አሳዪአቸው። ዳውን ሲንድሮም አለበት፣ ሕፃን ሳለ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። በ2020 እ.ኤ.አ. በ21 ዓመቱ ፍሎሪዳ ውስጥ አይረንማን የሚባለውን ውድድር ጨርሷል፤ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ ላይ ሙሉ ማራቶን። ልጅሽ እንዲህ ትሁን ማለቴ አይደለም። «አይሮጥም» ለሚለው ቃል ግን በቂ መልስ ነው።

ጫማዋን ሳልነግርሽ እንዳላልፍ። የእግራቸው መሐል ጠፍጣፋ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ልል ስለሆነ ነጠላ ጫማና ክሮክስ ያንገዳግዳቸዋል። ተረከዙ ጠንከር ያለ፣ በማጣበቂያ የሚዘጋ ስኒከር ግዢላት፤ ክር ያለው ከሆነ በየዙሩ ማሠር ነው ሥራሽ። ከሳንባ ምች በቅርቡ የዳነች ከሆነ ደግሞ ሐኪሟ ደረቷ ጸድቷል እስኪል ጠብቂ፣ ከዚያ በ5 ደቂቃ ጀምሪ። የኢኮውን ውጤት ስታገኚ እዚሁ ጻፊልኝና ስንት ቆርኪ እንደምትጀምሪ አብረን እናያለን።