ስለ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ በስኳር አልባ ለስላሳ መጠጦች ውስጥ የሚገባው አስፓርቴም የተባለ ማጣፈጫ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጧል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አላረጋገጠም። የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. አስፓርቴምን «ካንሰር ሊያስከትሉ ይችሉ ይሆናል» በሚባሉት ምድብ ውስጥ ያስገባው ውስን በሆነ ማስረጃ ተመርኩዞ ሲሆን፣ ምድቡም የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ ምን ያህሉ ሰውን እንደሚጎዳ አያሳይም። መጠኑን የሚመረምረው ሌላ የባለሙያዎች ኮሚቴ ነው፤ እርሱም በዚያው ወቅት፣ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 40 ሚሊግራም የሚለውን የቆየ ገደብ የሚያስለውጥ ምክንያት አላገኘም። ወሬው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ሮጠ።

ጥያቄ፦ ይህ በጣሳ ሲቆጠር ስንት ይሆናል?

መልስ፦ አንድ ጣሳ ስኳር አልባ ለስላሳ ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም አስፓርቴም አለው ብንል፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ገደቡ ላይ የሚደርሰው በቀን ከ8 እስከ 12 ጣሳ ሲጠጣ ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ግን ገደቡ 800 ሚሊግራም ብቻ ስለሆነ፣ ሦስት ወይም አራት ጣሳ ይሞላዋል። ወላጆች ይህን ስሌት ሲሠሩ አላየሁም፤ «ስኳር የለውም» ብለው በላይ በላዩ ይቀዱለታል።

ጥያቄ፦ የስኳር ሕመም አለብኝ። ሻዬን ላጣፍጥበት?

መልስ፦ ይችላሉ፤ አስፓርቴም በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ አያደርግም። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ሲፈላ ስለሚፈራርስና ጣዕሙን ስለሚያጣ፣ ሻዩ ከምድጃ ከወረደ በኋላ ይጨምሩት። ከስኳር 200 ጊዜ ያህል ስለሚጣፍጥ፣ በትናንሽ ከረጢት የሚሸጠው ዱቄት አብዛኛው መሙያ ነው፤ መሙያውም ብዙ ጊዜ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ የሚያደርግ ዴክስትሮዝ ወይም ማልቶዴክስትሪን ስለሚሆን፣ በቀን ብዙ ከረጢት የሚጠቀሙ ከሆነ ጀርባውን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ክብደት ለመቀነስስ?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2015 ዓ.ም. ከስኳር ውጪ የሆኑ ማጣፈጫዎች ለዚህ ዓላማ እንዳይወሰዱ መክሯል። ምክሩ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም።

ጥያቄ፦ ሳካሪን የተባለው ሌላው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ አይጦችን ካንሰር አስይዟል ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ወንድ አይጦች የፊኛ ካንሰር ይዟቸው ነበር። በኋላ ግን ምክንያቱ በአይጥ ሽንት ጠባይ የሚከሰትና በሰው ላይ የማይሠራ ሆኖ በመገኘቱ፣ አሜሪካ ሳካሪን ባለባቸው ምርቶች ላይ ይጻፍ የነበረውን ማስጠንቀቂያ እ.ኤ.አ. በ2000 አንሥታለች።

ጥያቄ፦ አስፓርቴም ጨርሶ የተከለከለባቸው ሰዎች አሉ?

መልስ፦ አሉ። ፌኒልኬቶኑሪያ የተባለ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለባቸው ሰዎች፣ አስፓርቴም ሲፈጭ የሚወጣውን ፌኒልአላኒን ሰውነታቸው ሊያስወግደው ስለማይችል ተጠራቅሞ አንጎላቸውን ይጎዳል። በብዙ አገሮች ጣሳው ላይ «ፌኒልአላኒን አለበት» ተብሎ የሚጻፈው ለእነርሱ ነው።