ኡቡንቱ 20.04 እና ሴንትኦኤስ 7 ድጋፋቸው ካበቃ በኋላ የቢልድ ሙከራውን ማሻገር

እህታችን ያነሱት ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ ኮድ በተለወጠ ቁጥር ፕሮግራሙን በራሱ በሚገነባውና በሚሞክረው በጊትሃብ አክሽንስ አገልግሎት ላይ ያለው የቢልድና የቴስት (የግንባታና የሙከራ) ሥራችሁ የሚሠራበት የሊኑክስ ሲስተም ኡቡንቱ 20.04 ተብሎ የተጻፈ በመሆኑ ሳይጀመር ወረፋ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ በሌላው ሊኑክስ፣ በሴንትኦኤስ 7 ኮንቴይነር (በማሽኑ ውስጥ ተከልሎ በሚሠራ ሲስተም) የሚካሄደው ሁለተኛው ሙከራ ደግሞ ገና ፓኬጅ ሲጭን ይወድቃል፤ ስለዚህ ሁለቱንም «ላተስት» (የቅርቡ እትም) ወደሚለው ኢሜጅ፣ ማለትም ወደዚያ ዝግጁ የሲስተም ቅጂ፣ መቀየሩ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ እዚሁ ጎንደር ለመድኃኒት ቤቶችና ለጅምላ አከፋፋዮች የክምችት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ከሚሠሩ አራት ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ይህን መንገድ ሁለት ጊዜ ስለሄድኩበት፣ የመጀመሪያውንም ስለተሳሳትኩት፣ አይበቃም ብዬ ልጀምር።

የመጀመሪያው ችግር ቀላል ነው። ጊትሃብ የኡቡንቱ 20.04ን ኢሜጅ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ አፕሪል 15 ቀን 2025) ስላነሳው በዚያ ስም ለሚጠራ ሥራ የሚመልስ ማሽን የለም፤ እናንተም የምትጠብቁት የማይመጣ ራነር (ሥራውን የሚያስኬድ ማሽን) ነው።

የሴንትኦኤሱ ግን ሁለት ንብርብር አለው። ሴንትኦኤስ 7 ድጋፉ ያበቃው ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የፓኬጅ ማውጫዎቹን ዝርዝር ይሰጥ የነበረው አድራሻ ከኢንተርኔት ላይ ጠፍቷል፤ ፓኬጆቹ የሚገኙት «ቮልት» በሚባለው የማኅደር ሰርቨር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የዩምን (የሴንትኦኤስ ፓኬጅ ጫኚውን) የማውጫ ፋይሎች ከፍቶ የጠፋውን አድራሻ የሚጠራውን የ«ሚረርሊስት» መስመር መዝጋትና ቋሚውን አድራሻ ወደ ቮልት ማዞር ያስፈልጋል። ይህን አስተካክለው ደስ ሲልዎት ሁለተኛው ይመጣል፦ ኮዱን የሚያወርደው የ«ቼክአውት» አክሽን አራተኛ እትም የሚሠራው በኖድ 20 (በጃቫስክሪፕት ማስኬጃው) ነው፤ ኖድ 20 ደግሞ ቢያንስ ጂሊብሲ (አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ) 2.28 ይፈልጋል፤ ሴንትኦኤስ 7 ያለው 2.17 ነው። እኛ ያገኘነው መውጫ ሥራውን በአዲስ ኡቡንቱ ማሽን ላይ ማስጀመር፣ ኮዱን እዚያው ማውረድ፣ ከዚያም አቃፊውን ለአሮጌው ኮንቴይነር አጋርቶ በውስጡ የቢልዱን ትእዛዝ ብቻ በዶከር (በኮንቴይነር ማስኬጃው) ማስኬድ ነው። አክሽኑ ኮንቴይነሩ ውስጥ ስለማይገባ የጂሊብሲው ጥያቄ አይነሳም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ከኡቡንቱ 20.04 ወደ 22.04 ስንሻገር እኔም ስሙን ለውጬ ገፋሁት፤ ቴስቱ በሙሉ አረንጓዴ ሆነ። በማግስቱ ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዤ አዘዞ ወደሚገኝ አንድ ደንበኛችን ሄድኩ፤ ሰርቨሩ ገና 20.04 ነበር። ፕሮግራሙን ስከፍተው «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» የሚል አንድ መስመር አውጥቶ ቆመ። ፋርማሲስቷ በእጃቸው ማዘዣ የያዙ ሰዎች ከፊታቸው ተሰልፈው፣ እኔ አሮጌውን እትም ለመመለስ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ምክንያቱን ቤት ገብቼ ነው የተረዳሁት፦ ከጂሊብሲ 2.34 ጀምሮ የፕሮግራም መነሻ የሆነው ፋንክሽን አዲስ የስሪት መለያ ስለተሰጠው፣ 2.35 ባለው ኡቡንቱ 22.04 ላይ የተገነባ ፕሮግራም ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ቢያንስ 2.34 ይጠይቃል፤ 20.04 ያለው 2.31 ነው። ቴስታችን አልዋሸም፤ የሞከረው ግን የእኛን ማሽን እንጂ የደንበኛውን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመገንቢያውን ቦታና የመሞከሪያውን ቦታ ለያየናቸው። የምንገነባው በአልማሊኑክስ 8 ኮንቴይነር ነው፤ ጂሊብሲው 2.28 በመሆኑ የሚወጣው ፕሮግራም ከዚያ በላይ ባለው ሁሉ ላይ ይነሳል፤ አዲስ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው መሣሪያ) ካስፈለገም ለብቻው የሚጫን የጂሲሲ ጥቅል አለው፤ የደኅንነት ድጋፉም በፈረንጆቹ እስከ 2029 ይዘልቃል። የተገነባውን ፋይል ደግሞ ዳግም ሳንገነባ በ22.04፣ በ24.04 እና በዴቢያን 12 ላይ እናስነሳዋለን። የፓይተን ፓኬጅ የምታከፋፍሉ ከሆነም በብዙ ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ፓኬጅ ለመገንባት የሚያገለግለው «ሜኒሊኑክስ 2014» የተመሠረተው በሴንትኦኤስ 7 ላይ ስለሆነ፣ አልማሊኑክስ 8ን መሠረት ወዳደረገው 2.28 መሻገሩ ያው ነገር ነው።

24.04 የራሱ ጣጣ አለው። ኮምፓይለሩ ጂሲሲ 13 በመሆኑ፣ ለዓመታት ያለ ችግር ይገነባ የነበረ የሲ ፕላስ ፕላስ ፋይላችን የ32 ቢት ቁጥር ዓይነቱን አላውቀውም ብሎ ወደቀ፤ ለካስ የዓይነቱን ሄደር እኛ ራሳችን ጠርተነው አናውቅም፣ በሌላ ሄደር ተከልሎ ይገባልን ነበር። አንድ መስመር ጨምረን ተፈታ። ፓይተኑ 3.12 ስለሆነ ዲስትዩቲልስ የሚባለው አሮጌ የፓኬጅ መገንቢያ የለም፤ የፓይተን ፓኬጅ ጫኚው ፒፕም በቀጥታ በሲስተሙ ላይ ጫን ሲባል እምቢ ስለሚል ለስክሪፕቶቻችሁ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ለብቻው የተከለለ የፓይተን ቦታ) ይክፈቱላቸው።

ለውጡን በአንድ ቀን እንዳያደርጉት እመክራለሁ። አዲሱን ኢሜጅ ከአሮጌው ጎን አስገብተው፣ ቢወድቅም ፑል ሪኩዌስቱን (የኮድ ለውጥ ይግባ የሚለውን ጥያቄ) እንዳያግድ አድርገው ለሁለት ሳምንት ያቆዩት፤ ሲረጋጋ አስገዳጅ ያድርጉት። «ላተስት» የሚለውን ስም ደግሞ በራሱ ወደ አዲስ እትም ስለሚዞር እኛ ጨርሶ ትተነዋል፤ አንድ ሰኞ ጠዋት ማንም ኮድ ሳይነካ የቀላ (የወደቀ) ቢልድ ካየን ወዲህ የስሪቱን ቁጥር እንጽፋለን።

የሴንትኦኤስ 7 ሙከራው ይቅር ወይስ ይቆይ ለሚለው፣ በእሱ ላይ የሚሠራ ደንበኛ እንዳላችሁ በስልክ አጣሩ። ከሌለ ሰርዙት፤ ማንም ለማይጠቀምበት ሲስተም የማኅደር ሰርቨር መጠበቅ ድካም ብቻ ነው። እኛ አንድ ስለቀረን በየኮሚቱ መሞከሩን ትተን በሳምንት አንድ ጊዜ እሁድ ሌሊት እናስኬደዋለን፤ ኢንተርኔቱ በሚዳከምበት ጊዜ እንዳንቸገርም ፓኬጆቹ የተጫኑበትን ኢሜጅ ቢሮ ባለው ማሽን ላይ አስቀምጠነዋል። ለዚያ ደንበኛ ግን ሰርቨራቸው የደኅንነት ማሻሻያ እንደማያገኝ በጽሑፍ አሳውቀናል።

የጊትሃብ አክሽንሱ ሥራ የተጻፈበትን የያምል ፋይል የይለፍ ቃሎቹን አውጥተው እዚህ ቢለጥፉት፣ መብራት ካለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አየዋለሁ።