ልጄ 18 ሞላው፣ ደብዳቤው መጣ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ልጄ በቅርቡ 18 ሞላው፣ ወዲያው «ለውትድርና ተመዝገብ» የሚል ደብዳቤ መጣለት። ታላቅ ወንድሜ በደርግ ጊዜ ታፍሶ እንደወጣ ቀርቷል። ልጄ ዘንድሮ ኮሌጅ ገብቶ ጦርነት ይቁም እያለ ሰልፍ ይወጣል፣ «አልመዘገብም» ይለኛል። እውነቱን ልናገር፣ በልቤ ደስ አለኝ። ያለን ግሪን ካርድ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ አፈሳ አይደለም። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅም ወረቀቱ ላይ ሥርዓት ያለው ይመስል ነበር። በኋላ የሆነውን እርስዎ ያውቁታል፣ ኮታ የጎደለው ቀበሌ ልጅ ከመንገድ ይለቅም ነበር። አሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. ከ1973 ወዲህ ማንንም አስገድዳ አላዘመተችም። አሁን ያለው የስም ዝርዝር ብቻ ነው። ግዳጁ እንዲመለስ ኮንግረስ ሕግ ማውጣት አለበት።

ስለዚህ ይመዝገብ። ካልተመዘገበ ነገ ዜግነት ሲጠይቅ «ለምን?» ይባላል፣ መልሱ ደግሞ ቀላል አይደለም።

ግን ልጅዎን ሞኝ አያድርጉት። የፈራውን ነገር የዚህ አገር ተማሪዎች ቀምሰውታል። በቬትናም ጊዜ ኮሌጅ ያለ ልጅ ትምህርቱን እስኪጨርስ ይታለፍ ነበር፣ ኮሌጅ መግቢያ ያጣው የድሃ ልጅ ነው ቀድሞ የሚሄደው። ሰልፍ የወጡት ተማሪዎች ይሄንን ያውቁ ነበር፣ እንቅልፍ የነሳቸውም አሉ። ከዚያ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1969 ማታ 366 የልደት ቀኖች በትንንሽ ሰማያዊ ፕላስቲክ ተጠቅልለው ከመስታወት ዕቃ ውስጥ አንድ በአንድ ወጡ። እንደ ዕቁብ በሉት፣ የሚደርስዎት ግን ጦርነት ነው። መጀመሪያ የወጣው መስከረም 14 ነበር። በዚያ ቀን የተወለዱት፣ ዕድሜያቸው ለግዳጅ የደረሰ ወጣቶች ሁሉ ቁጥር አንድ ሆኑ። ከዚያ ዕጣ ጥሪው እስከ ቁጥር 195 ደረሰ። 196 የወጣለት ተረፈ፣ በአንድ ቁጥር!

በአምስት ወሩ ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኦሃዮ ብሔራዊ ዘብ በ13 ሰከንድ 67 ጥይት ተኩሶ አራት ተማሪ ገደለ፣ ዘጠኝ አቆሰለ። ከሞቱት ሁለቱ ሰልፈኛ እንኳ አልነበሩም፣ ወደ ክፍል እየሄዱ ነበር።

ሰልፉን አይከልክሉት፣ በሰላም ተቃውሞ መውጣት መብቱ ነው። ግን ግሪን ካርድ ያለው ልጅ መታሰር አይመቸውም። የዜግነት ማመልከቻው «ታስረህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ክሱ ቢሰረዝም። ፖሊስ «ተበተኑ» ሲል ቶሎ ይውጣ፣ ጓደኞቹ ዜጋ ሊሆኑ ይችላሉ፣ እሱ ገና ነው። ነገሩ ከተወሳሰበ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

«ጦርነት ሕሊናዬ አይፈቅድም» የሚል ከሆነ ደግሞ ለዚህ ፎርሙ ላይ የተዘጋጀ ቦታ የለም። ጥያቄው የሚቀርበው ጥሪ ሲመጣ ነው። እስከዚያ አቋሙን ጽፎ፣ ቀን አድርጎበት ያስቀምጥ።

እና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ስለ ወንድምዎ ነግረውታል? ስሙን፣ ከየት እንደተወሰደ፣ እናታችሁ ስንት ዓመት በር በሩን እንዳየች። ፎርሙን አብራችሁ ስትሞሉ ይንገሩት።